ሚስቴ አልከፍልም ያለች ጊዜ

ሚስቴ ዕዳዋን አልከፍልም በማለቷ ቤታችን የስፌት መኪና ገባ። ያውም ብሩ ቤት ውስጥ ተቋጥሮ ተቀምጦ፣ ያውም የመክፈያው ቀን አልፎ እያለ ነው አልከፍልም ያለችው። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ሞላሌ ገበያ ላይ ይህን ስጀምር ከመሃል ሜዳ ከተማ የሚመጡት ነጋዴዎች ‹‹ደግሞ ጀመረው›› ይሉና ሻያቸውን ይዘው ወደ ሌላ አግዳሚ ይዛወራሉ። እኔ በእውነት ላይ ትንሽ ጥልፍ እጨምር ይሆናል እንጂ ጨርቁን ራሱን ፈጥሬ አላውቅም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። አስተማሪ የሚባል አልነበረኝም። ፊደሉን የለየሁት የቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። የለጠፈችው እናቴ ማንበብ ስለማትችል ግማሹን ገልብጣ ነበር የለጠፈችው። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ ጽሑፍ ቀንቶም ሆነ ተዘቅዝቆ ለእኔ አንድ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልገዋለሁ።

ስፌቱን ደግሞ የተማርኩት የገዛ ሱሪዬን ፈትቼ ነው። በምላጭ ተርትሬ፣ ቁርጥራጩን ጆንያ ላይ ዘርግቼ፣ ዙሪያውን በከሰል አሰመርኩና በዚያው ልክ ቆረጥኩ። ችግሩ ግን ያሰመርኩት አንዱን እግር ብቻ ነበር፤ ሌላው ያው ነው ብዬ። መጀመሪያ የሰፋሁት ሱሪ ሁለቱም እግሩ የግራ ሆነ። ለአንድ ጎረቤቴ ሸጥኩለት። ሰውየው ወደ ገበያ ብሎ ተነሥቶ ሱሪው እየጎተተ ቤተ ክርስቲያን አደረሰው ብዬ አወራ ነበር። እሱ ውሸት ነው። ሱሪው ግን እውነት ነው፤ ሰውየው አራት ዓመት ለብሶታል።

የምሰፋበት መኪና የእኔ አልነበረም። ሞላሌ ገበያ ዳር በረንዳ የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው ያከራዩኝ። በደጉ ዘመን እሳቸው ራሳቸው ይሰፉበት ነበር፤ ዓይናቸው ክርና መርፌ ማገናኘት ሲያቅተው መኪናውንም በረንዳውንም ለእኔ ለቀቁልኝና በየወሩ ኪራይ እሰጣቸው ጀመር። ‹‹አባባ›› ነው የምላቸው። እሳቸው ደግሞ ‹‹አንተ ቀልደኛ›› ይሉኛል። ሰባት ዓመት ያንን መኪና ረገጥኩት። ቺንጋው ሲበጠስ ከከብት ቆዳ ቆርጬ ቀጠልኩት። ዘይት ከከተማው ሲጠፋ በኑግ ዘይት አጠጣሁት፤ አንድ ሰሞን ደንበኞቼ ሁሉ ወጥ ወጥ ይሸቱ ነበር። ለጥምቀት ሰሞን ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ከአባቴ የደረሰኝ መሬት ውርጭ የሚወደው መሬት ነው፤ ገብሱ አብቦ ዛሬ ነገ ስንል አንድ ማለዳ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። ያበላን የነበረው መኪናው ነው።

በዚያን ጊዜ፣ ደርግ ወድቆ አሥር ዓመት አካባቢ ሲሆነው፣ ብድርና ቁጠባ የሚባለው ነገር ገጠሩን ሁሉ አዳርሶት ነበር። ብድር ቤቱ ቤት አያሲዝ፣ በሬ አያሲዝ። ሕጉ አምስት ሁናችሁ ኑ፣ እርስ በርሳችሁ ዋስ ሁኑ፣ አንዷ ባትከፍል አራቱ ይከፍሉላታል ነው። ሚስቴ ከአራት ጎረቤቶቿ ጋር ገባችበት። ብሩን ወሰዱ፣ በግ ገዙ። ሱፉን ሸልተው ይፈትላሉ፣ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ሸማኔ ይሸጣሉ፤ በጎቹን ደግሞ አደልበው ለገናና ለጥምቀት ያወጧቸዋል። ጥር ላይ ዕዳው ይከፈላል።

እኔ አልተበደርኩም። ይህ ነበር ፉከራዬ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ፣ ‹‹በዚህ ወረዳ ስሙ በባለዕዳ መዝገብ ላይ የሌለ ወንድ ካለ እኔ ነኝ›› እላለሁ። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን አምኜበት ነበር።

ጥምቀት አልፎ፣ ታቦቱ ገብቶ፣ አገሩ ሁሉ አዲሱን ልብሱን አጣጥፎ ካስቀመጠ በኋላ አባባ ወደ በረንዳው መጡና ከጎኔ ተቀመጡ።

‹‹ልጄ ደብረ ብርሃን ልትወስደኝ ነው›› አሉኝ። ‹‹ከእንግዲህ ብቻዬን አልችልም።››

‹‹ይበጅ አባባ። እኔም መጥቼ እጠይቅዎታለሁ።››

‹‹መኪናውን ልሸጠው ነው። ባዶ እጄን ልጄ ቤት አልገባም። ከዓለም ከተማ አንድ ነጋዴ ብር ይዞ በሚመጣው ገበያ ይመጣል።››

እግሬ መርገጫው ላይ ቆመ። ‹‹ሰባት ዓመት የረገጥኩትን?››

‹‹ረገጥከው እንጂ አልገዛኸው። ስምንት ቀን አለህ። ከሱ ቀድመህ ብሩን ካመጣህ ያንተ ነው።››

ስምንት ቀን። ብር የለኝም፤ ግን ስም አለኝ ብዬ አሰብኩ። ከዕዳ ንጹሕ የሆነ ስም። ከገበያው ሁለት ጨው ሻጭ፣ አንድ ቆዳ ነጋዴና አንድ ባና ሻጭ አብረውኝ እንዲበደሩ፣ ዋስም እንዲሆኑኝ በአንድ ጠዋት አሳመንኩ። ኮቴን ለብሼ፣ ሱሪዬን ተኩሼ ብድር ቤቱ ሄድኩ።

የብድር ሠራተኛው ከከተማ የመጣ ጎረምሳ ነው፤ ትሑት፣ ሰው አክባሪ። የሱሪው መቀመጫ በወንበር ብዛት ሊበሳ ደርሷል፤ ሲነሣ አይቼዋለሁ፣ ዓይኔ ሌላ ነገር አያይም። ወፍራም መዝገብ ከፈተ።

‹‹ጋሼ፣ ባለትዳር ነዎት?››

‹‹በደንብ።››

‹‹የባለቤትዎ ስም?››

ነገርኩት። ገጹን ወደ ኋላ ገለበጠ። እንግዲህ ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው። መዝገቡ ለእሱ ቀና፣ ለእኔ የተዘቀዘቀ ነው፤ እኔ ግን ከእሱ ቀድሜ አነበብኩት። የሚስቴ ስም፣ የአባቷ ስም፣ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ ‹‹ያልተመለሰ››።

‹‹ስህተት ነው›› አልኩት እሱ አፉን ሳይከፍት። ‹‹በጎቹ ተሽጠዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።››

‹‹ስህተት አይደለም ጋሼ። ቀኑ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነ። አምስቱም አልመጡም።››

‹‹እሺ፣ እሷ ናት ያልከፈለችው። እኔ ምን አደረግሁ?››

‹‹አንድ ቤት ናችሁ። የሚስት ዕዳ ሳይዘጋ ለባል አይፈቀድም። የባልም ሳይዘጋ ለሚስት አይፈቀድም።››

‹‹ስሟ እኮ ከእኔ ጋር አይገናኝም። እሷ የምትጠራው የአባቷን ነው፣ እኔ የአባቴን።››

‹‹እኛ የምናየው ስም አይደለም፤ ጎጆ ነው።››

‹‹እንግዲያው እሷ ዋስ ትሁነኝ። በግ ማደለብ የምትችል፣ አገር የሚያምናት ሴት ናት።››

‹‹አይቻልም። ባልና ሚስት ለእርስ በርስ ዋስ አይሆኑም።››

‹‹ለምን?››

‹‹አንድ ቤት ናችኋ ጋሼ።››

‹‹ቆይ። ዕዳ ሲሆን አንድ ነን፤ የሷ ቀይ እስክሪብቶ እኔን ይነካኛል። ዋስ ሲሆንም አንድ ነን፤ የሷ መታመን እኔን አይጠቅመኝም። መቼ ነው ታዲያ ሁለት የምንሆነው?››

‹‹ስትጣሉ›› አለኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ያንን ልጅ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኩት። እሱም መውጫ ፈለገልኝ። ሚስቴ ብቻዋንም ብትሆን መጥታ የራሷን ድርሻ ብትዘጋ፣ ለአለቃው ጽፎ ስሟን ከቡድኑ ይለየዋል፤ ከዚያ የእኔን ማመልከቻ ያስኬደዋል። ‹‹ግን ከገበያው በፊት›› አለኝ።

ቀላል ነው ብዬ ወጣሁ። በመንገዱ ላይ እያፏጨሁ ነው ቤቴ የደረስኩት።

ሚስቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች። እኔ ከጎኗ የሱፍ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ፤ እዚያ ቤት የእኔ ወንበር እሱ ነው።

‹‹ብሩን የት አደረግሽው?››

‹‹የቱን?››

‹‹የበጎቹን።››

‹‹የተቀመጥክበት ነው›› አለችኝ፣ እንዝርቷን ሳታቆም።

ተነሣሁና እጄን ጆንያው ውስጥ ሰደድኩ። ከሱፉ ሆድ ውስጥ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ብር ወጣ። ከመኪናዬ የለየኝ ብር ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተቀምጬበት ኖሯል።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። አባባ ሊሄዱ መሆኑን፣ ነጋዴውን፣ መዝገቡን፣ ልጁ የፈለገልኝን መውጫ። ሰምታ ስትጨርስ ብሩን ከእጄ ወሰደችና መልሳ ሱፉ ውስጥ ከተተችው።

‹‹አልከፍልም›› አለች።

ከአምስቱ ሴቶች ታላቋ፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ባላቸው ሞቶባቸዋል። እኔም ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ከዕዳው ጋር ግን አያይዤው አላውቅም። የሟቹ አርባ ገና አልወጣም፤ ተዝካሩ አሥራ ስድስት ቀን ይቀረዋል። የበጎቻቸው ብር ለቀብሩ ወጥቷል።

‹‹አራታችሁ ክፈሉላቸዋ›› አልኳት። ‹‹ሕጉም እንደዚያ ነው።››

‹‹ሳናስፈቅዳቸው ከፍለንላቸው ብንሄድ ለማኝ አደረግናቸው። ትተናቸው የየራሳችንን ብንከፍል ባለዕዳ እሳቸው ብቻ ሆኑ፤ ስማቸው ብቻውን ቀይ ሆኖ ይቀራል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደጃፍ ሄደን ብር አምጪ ብንል ደግሞ ሰው አይደለንም። ስለዚህ አርባው እስኪወጣ አራታችንም ቁጭ ብለናል። ተማክረን ነው።››

‹‹ለብድር ቤቱ ንገሩታ።››

‹‹ብንነግረው እትዬን ሊያስጠራቸው አይደል?››

‹‹እኔስ? መኪናውስ?››

‹‹መኪናው ብረት ነው።››

‹‹ብረት ሆኖ ነው ሰባት ዓመት ያበላሽ።››

‹‹ያበላኸኝ አንተ ነህ›› አለች። ‹‹እሱ ብረት ነው።››

ተነሥቼ ወደ በረንዳዬ ሄድኩ።

ሦስት ቀን መኪናውን ስረግጥ የማስበው ጆንያውን ነው። የሰው ልክ እየለካሁ እሳሳታለሁ፤ ለአንዱ ሽማግሌ ሱሪ የትከሻውን ስፋት ለክቼ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚስቴ እንስራዋን አዝላ ውሃ ስትወርድ፣ ብሩን ከሱፉ አወጣሁና የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እኔ ራሴ ሄጄ የሷን ድርሻ እከፍላለሁ። ደረሰኙን አሳያታለሁ። ትቆጣለች፣ ይበርድላታል፣ መኪናው ይቀራል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ደግ ባል መስሎኝ ነበር።

ወደ ሞላሌ የሚወስደው መንገድ በእትዬ ደጅ ያልፋል። ሐዘን ያለበት ቤት ደጃፍ አርባው ሳይወጣ ዝም ብሎ ማለፍ በእኛ ዘንድ አይደረግም። ገባሁ።

እትዬ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር የተነከረ ነጠላ ተከናንበው። በሩ አጠገብ ውሃ የሞላ እንስራ ቆሟል። እንስራው የእኛ ነው። ሚስቴ ውሃ ወርዳ መጀመሪያ የምትደርሰው እዚያ ቤት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

‹‹እግዜር ያጥናዎት እትዬ።››

‹‹እግዜር ይስጥልኝ። ቁጭ በል።››

ተቀመጥኩ። ሐዘን ቤት ዝም ማለት ነውር የለውም፤ ለእኔ ግን ከባድ ሥራ ነው።

‹‹የብድሩ ቀን አለፈ አይደል?›› አሉኝ።

‹‹የምን ብድር እትዬ?››

ፈገግ አሉ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። ‹‹አንተንም አስተማረችህ? ሚስትህም እንደዚሁ ነው የምትለኝ። አራቱም በየቀኑ ይመጣሉ። አንዷ ውሃ ትቀዳለች፣ አንዷ ትጠርጋለች፣ አንዷ በረቱን ታያለች። ስለ ብር አንድ ቃል አይወጣቸውም። እኔ እኮ ቀኑን አልረሳሁትም። የጎደለውንም አውቀዋለሁ። የማላውቅ መስሏቸው ይጠብቁኛል፣ እኔም የማላውቅ መስዬ እጠብቃቸዋለሁ።››

ነጠላቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉት። ‹‹ሰውዬን ከቀበርኩ ወዲህ ቀጥ ብዬ የምቀመጠው በዚህ ነው።››

ያን ኪስ እኔው ነኝ የሰፋሁት፤ እኔ የሰፋሁት ኪስ አይቀደድም። ያን ጠዋት ግን ይቀደድና ብሩ ከፊታቸው ወለሉ ላይ ይወድቃል ብዬ በእጄ ደግፌው ተቀመጥኩ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁና ወጣሁ። ውጭ ቆሜ ወደ ሞላሌ የሚወስደውን መንገድ አየሁት። ከዚያ ወደ ቤቴ ዞርኩ። ብሩን ቋጥሬ ሱፉ ውስጥ መለስኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስቴ ሱፍ ልታወጣ ጆንያውን ከፈተች።

‹‹ይሄን ማን ቋጠረው?››

‹‹እንደነበረ ነው።››

‹‹የእኔ ቋጠሮ በሁለት ጣት ይፈታል። ይሄ በመቀስ ካልሆነ አይፈታም። የልብስ ሰፊ ቋጠሮ ነው።››

እንግዲህ ሙያ ለካ ሰውን ያጋልጣል። ሰባት ዓመት ክር ስቋጥር የለመደ እጅ፣ ሲደነግጥም የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው።

‹‹የት ድረስ ሄድክ?›› አለችኝ።

‹‹እትዬ ቤት ድረስ።››

‹‹ከዚያስ?››

‹‹ተመለስኩ።››

ቀና ብላ አየችኝ። እንዝርቷን አስቀመጠች፤ በሥራ ሰዓት እንዝርት ስታስቀምጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ‹‹ደህና አድርገሃል›› አለች። በሠርጋችን ቀን ኮቴን ለብሼ በበሩ ስገባ እንደዚያ አላየችኝም ብዬ እምላለሁ።

የገበያው ዋዜማ ዕለት መኪናውን አጸዳሁት። ከመርፌው ሥር የተጠራቀመውን ብናኝ በላባ ጠረግሁ፣ ኩሽኔታውን ዘይት አጠጣሁ፣ በእንጨት ክዳኑ ሸፈንኩትና ቁልፉን ይዤ አባባ ቤት ሄድኩ።

‹‹ቁልፉ ይኸውልዎት። ብሩን አላገኘሁም።››

‹‹ብድር ቤቱ ምን አለህ?››

ነገርኳቸው። እንዳስቃቸው ብዬ ነው የጀመርኩት፤ የተቀመጥኩበትን ብር፣ የልብስ ሰፊውን ቋጠሮ። እውነትም ሳቁ። እትዬ ያሉኝ ጋ ስደርስ ግን ሳቃቸውን ተዉና መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

‹‹ሚስትህ መኪናው እንደሚሄድ እያወቀች ነው አልከፍልም ያለችው?››

‹‹እያወቀች ነው። ብረት ነው አለችኝ።››

‹‹ስንት ዓመት ነው ያከራየሁህ?››

‹‹ሰባት።››

‹‹በሰባት ዓመት ኪራዩን በቀኑ ያመጣኸው ስንት ጊዜ ነው?››

‹‹አባባ፣ ክረምቱን ካልቆጠርነው…››

‹‹ክረምቱንም በጋውንም ቁጠረው።››

‹‹እንግዲህ… ሦስት ጊዜ?››

‹‹ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ያመጣችው ሚስትህ ናት።››

ከዕዳ የነጻ ወንድ ነኝ እያልኩ ሰባት ዓመት ስፎክር የነበረው በእሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጬ መሆኑን ልብ በሉ። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም ነበር።

‹‹ለአንተ አልሸጥም›› አሉኝ። ‹‹ለእሷ ነው የምሸጠው።››

‹‹እሷ ምን ብር አላት አባባ?››

‹‹በየገናውና በየፋሲካው ትንሽ ትንሽ ትላክልኝ፣ እስኪያልቅ። ግን እሷ ናት የምትልከው። አንተ እንዳትመጣ። አንተ ስትመጣ ቀልድ ነው ይዘህ የምትመጣው።››

‹‹ነጋዴውስ?››

‹‹ነጋዴው ብር አለው፤ ሌላ መኪና ያገኛል።›› መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ‹‹ልጄ ቤት ባዶ እጄን አልገባም ብዬ ነበር። ባዶ እጄን ብገባም በየበዓሉ ከመንዝ ብር የሚላክልኝ አባት ነኝ እኮ። ይሄም ቀላል አይደለም።››

ተያይዘን ወደ በረንዳው ተመለስን። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ መኪናው ክዳን ላይ አስደግፌ። ገዢ ብዬ የእሷን ስም ጻፍኩ። ዋስ የሚለው ጋ ስደርስ ማንን ልጻፍ አልኳቸው። ‹‹ዝለለው›› አሉኝ። ሁለት ምስክር ፈረሙ። ከዚያ አንድ መስመር ጨምር አሉኝ፤ ‹‹የሚረግጠው ባሏ ነው፣ መኪናው ግን የእሷ ነው በል።›› እንዳሉኝ አልኩ። የራሴን ቦታ በራሴ እጅ ጻፍኩት፤ ጽሑፌ ደግሞ ያምራል።

ቤት ስደርስ ወረቀቱን አነበብኩላት።

‹‹እኔ እኮ መስፋት አልችልም›› አለች።

‹‹እኔ እችላለሁ።››

‹‹እንግዲያው ተቀጥረሃል›› አለችና እንዝርቷን አነሣች።

የእትዬ ባል አርባ ወጣ። ተዝካሩ በወጣ በማግሥቱ አምስቱ ሴቶች አብረው ሞላሌ ወረዱ፤ እትዬ ከፊት፣ አራቱ ከኋላ። እኔም ከአራቱ ኋላ ተከተልኩ፤ ማንም አልጠራኝም፣ ያንን ቀን ግን ቢከፍሉኝም አልቀርም። እትዬ ጊደራቸውን ሸጠው የጎደለውን ራሳቸው ሞልተው ነበር። የማንንም ሳንቲም አልነኩም። በብድር ሠራተኛው ልጅ ጠረጴዛ ላይ አምስት ቋጠሮ ተራ በተራ ተፈታ። የሚስቴ ቋጠሮ ብቻ አልፈታ አለና ልጁ ምላጭ አመጣ። ሚስቴ ወደ እኔ አላየችም። ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በመዘግየታቸው ትንሽ ቅጣት ነበረበት። እሱን እኔ ከፈልኩ፤ መኪናው የእሷ ከሆነ በኋላ ከሰፋሁት የመጀመሪያ ሱሪ ዋጋ። ልጁ መዝገቡን ከፈተ፣ ቀዩን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰረዘውና ከጎኑ ጻፈ። እኔ ከወዲህ በኩል ተዘቅዝቆ አነበብኩት፤ ‹‹ተጠናቆ ተመልሷል። ዘግይቶ።››

‹‹ጋሼ፣ ይህች የመጨረሻዋ ቃል በሚመጣው ዓመት ታስቸግራችኋለች›› አለኝ በለሆሳስ። ‹‹ለባለቤትዎም ለእርስዎም። አንድ ቤት ናችሁ፣ አልቀይራትም።››

‹‹እንዳትቀይራት›› አልኩት።

እውነትም በሚቀጥለው ዓመት እሷም ብድር አላገኘችም፣ እኔም አላገኘሁም። መሸጥ የነበረብንን ሸጥን፣ መጠበቅ የነበረብንን ጠበቅን። የአባባ ብር ግን ለገና ለገና፣ ለፋሲካ ለፋሲካ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ደብረ ብርሃን ይደርስ ነበር፤ አንድም በዓል አላለፈውም። እኔ አልነካሁትማ።

ያንን ቃል ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ‹‹ዘግይቶ››። ሌላ ሰው ቢያየው ነውር ይመስለዋል። አራት ሴቶች አንዲትን ሐዘንተኛ ላለማሳፈር ብራቸውን ታቅፈው አርባው እስኪወጣ መቀመጣቸውን መዝገቡ የሚጽፍበት ቦታ የለውም፤ ያለው ቦታ ለአንዲት ቃል ብቻ የሚበቃ ነው። እኔ ግን ልጁ ያለኝን አጥብቄ ይዤዋለሁ። አንድ ቤት ናችሁ ብሎኝ የለ? የሚስት መዝገብ ባልንም ይነካል ብሎኝ የለ? እንግዲያው የዚያች ቃል ግማሽ የእኔ ናት። ሌላ የምፎክርበት ነገር ቢጠፋ እሷ ትበቃኛለች።

አሁንም አላመናችሁኝም። ግድ የለም፣ ሂዱና ጠይቁ። ልጁ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፤ የትም ብታገኙት የሱሪውን መቀመጫ ተመልከቱ፣ ዕዳው በተዘጋ ሰሞን እጥፍ አድርጌ የሰፋሁለት መጣፊያ እሱ ላይ ነው፣ እስከ ዛሬ አይቀደድም። የእትዬን በረት ጠይቁ፣ ጊደሯ የቆመችበት ቦታ ባዶውን ነው። መዝገቡ ካለ አስከፍቱት፤ ቀና ብሎ ማንበብ ካቃታችሁ ዘቅዝቃችሁ አንብቡት። ገበያ ውጡና ሱፍ ተራ ከሚቀመጡት ሴቶች የፈለጋችሁትን ያዙ። ስትጠይቁ ግን የእኔን ስም እንዳትጠሩ፤ በእኔ ስም የሚመሰክር ሰው ሞላሌ ላይ አታገኙም። የእሷን ስም ጥሩና ውሸት መሆኑን የሚነግራችሁ አንድ ሰው ይዛችሁልኝ ኑ።